ርስትና ስም

ስለ ሰው ልጅ የኅብረት ኑሮ የሚመራመሩት ሊቃውንት ከሚከተሏቸው መንገዶች ይልቁን የታወቁት ሦስት ናቸው። የፈረንሳዩን ኤሚል ዱርካይምን የተከተሉት፣ እያንዳንዱ ሥርዐት ኅብረተ ሰቡን ለማስተሳሰር ምን እንደሚጠቅም ይጠይቃሉ። የካርል ማርክስ ወገኖች ሀብትና ሥልጣን በማን እጅ እንዳለ ይመረምራሉ። ከአሜሪካዊው ጆርጅ ኸርበርት ሚድ ትምህርት የተነሡት ደግሞ ሰዎች ሲገናኙ እርስ በርሳቸው የሚሰጣጡትን ስምና ትርጉም ይከታተላሉ።

በደባይ ጥላትግን ወረዳ ከተማ በቁይ ተቀምጦ የመሬት ነገር የሚሰማ እንደኔ ያለ ጸሐፊ፣ ለዚህ ሁሉ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አይሄድም።

ጎጃም እስከ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ድረስ የርስት አገር ነበር። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ በዳሞት ተቀምጦ እንዳጠናው፣ ሰው በእናቱም በአባቱም ቆጥሮ ከብዙ አቅኚ አባቶች መሬት ይጠይቅ ነበር። ይህ ዘመድን ከዘመድ ማስተሳሰሩ እርግጥ ነው። ዳሩ ግን ጠያቂው ብዙ፣ መሬቱ ጥቂት ስለ ነበር፣ ተሰሚነትና የሙግት ችሎታ ያለው ይረታ ነበር፤ እዚህ ላይ የማርክስ ወገኖች ይበረታሉ። ሆኖም በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲነሣ፣ ርስቱ ተለክቶ እንዳይወሰድበት የሰጋው ባለጸጋም ድኻም ባንድነት መቆሙን እነርሱም በቀላሉ አይፈቱትም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሦስተኛው መንገድ ነው። በ1989 ዓ.ም. በክልላችን መሬት እንደ ገና ሲከፋፈል፣ በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር አመራር ያገለገሉ ገበሬዎች «ቢሮክራሲ» ተባሉ፤ ስሙ የወጣበትም ሰው ይዞታው ከሌላው ገበሬ ባነሰ ልክ ተወሰነ። ቃሉ የጽሕፈት ቤትን አገዛዝ የሚያመለክት ነው። ቢሮክራት የሚፈለግ ቢሆንማ፣ በየወሩ ደመወዝ ፈርሜ የምቀበለው እኔ እያለሁ ሞፈር ተሸክሞ የሚውለው ሰው ለምን ይህን ስም ይሸከማል? ያም ሰው በአንድ ቀን ጀምበር የጎረቤቱ ዓይን ተለወጠበት፤ ትናንት ዳኛችን ይሉት የነበሩት ማሳውን በገመድ ለኩት። እርሻው፣ በሬው፣ ዘመዱ የቀድሞው ነበሩ፤ የተለወጠው መጠሪያው ብቻ ነበር።

ዛሬ በመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም፣ የማሳውም አዋሳኝ ይጻፋል። ለዚያ ስም የተተወ መስመር የለም። ነገር ግን ለድንበር ክርክር ወርደን ሽማግሌዎቹን ስጠይቅ፣ በትራቸውን ወደ ማሳው ዘርግተው፣ «ይህ እንኳ ከቢሮክራሲ የተነሣው ነው፤ ልጁ ያውልህ ከማዶ ያርሳል» ይሉኛል።