የአንቴናው ዘር ማንዘር

ድሮ በሰፈራችን ቴሌቪዥን ያለው ማን እንደሆነ ለማወቅ በር ማንኳኳት አያስፈልግም ነበር፤ ቀና ብሎ ጣሪያ ማየት ይበቃል። ረጅም የባህር ዛፍ አጣና፣ ጫፉ ላይ የዓሣ አጥንት የመሰለ አንቴና፣ ከሥሩ አጣናውን አቅፎ የሚያዞር ጎረምሳ፣ ከሳሎን ደግሞ «መጣ! መጣ! ኧረ ሄደ፣ መልሰው!» የሚል ጩኸት። ነፋስ የበረታ ማታ ዜናው በነጠብጣብ ይዋጥና ጎረምሳው ራቱን ትቶ ይወጣል።

የዚህ ነገር የዘር ሐረግ ሲቆጠር ጉድ ነው። አጣናው አገሩ አውስትራሊያ ነው፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መጥቶ አዲስ አበባን ወረሳት። አንቴናው ጃፓናዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አብዛኛውን የደከመበት ሺንታሮ ኡዳ ሲሆን፣ ስሙን ግን አለቃው ያጊ ወሰደው። (አለቃ ባለበት አገር ሁሉ ያለ ነው።) ቴሌቪዥኑ በ1957 ዓ.ም. ደረሰ።

አንቴና ከነፋስ ጋር ያለው ጠብ ግን ከያጊም ከቴሌቪዥኑም ይቀድማል። ማርኮኒ የሬዲዮ ምልክት አትላንቲክን ለማሻገር ብሎ በእንግሊዝ ፖልዱ በተባለ የባሕር ዳርቻ፣ 60 ሜትር ግድም የሚረዝሙ 20 ምሰሶዎች በክብ አቆመ። ደጋፊ ሽቦዎቹ ወደ ውጭ ተወጥረው መሬት ቢይዙም፣ ወደ ጎን ግን ምሰሶዎቹ የተያያዙት እርስ በርሳቸው ነበር። መሐንዲሱ ቪቪያን አያዛልቅም ብሎ ነበር፤ ማን ይስማው! እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1901 አውሎ ነፋስ ተነሣ፤ ተያይዘው ወደቁ። አሜሪካ ኬፕ ኮድ ላይ የቆሙት አምሳያዎቻቸውም በኖቬምበር ተከተሏቸው። ማርኮኒ በዲሴምበር ኒውፋውንድላንድ ሄዶ የአንቴናውን ሽቦ በካይት ሰቀለ፤ ጠላቱን ነፋስ ተሸካሚ አደረገው። ከፖልዱ የተላከ ሦስት የሞርስ ነጥብም ሰማሁ አለ።

ብዙ ሰው ወፍራም ብረት ካቆመ የተገላገለ ይመስለዋል። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ረጅሙን ምሰሶ ይዞ የሚያድረው ደጋፊ ሽቦው ነው። በሦስት አቅጣጫ፣ እኩል ተራርቆ፣ እኩል ተወጥሮ። አንዱ ከላላ ምሰሶው መወዛወዝ ይጀምራል፤ ሲወዛወዝ ያደረ ምሰሶ ደግሞ ችካሉን ይነቅላል።

ዲሽ የመጣ ጊዜ ጎረምሶቹ ከጣሪያ ወረዱ። ዛሬም የሬዲዮ አንቴና በግቢያችሁ የምታቆሙ ካላችሁ ግን፣ ለእያንዳንዱ ሽቦ የራሱን ችካል ስጡት፤ ከጎረቤት አጥርም ሆነ ከመብራት ምሰሶ ጋር አታስሩት። ቢወድቅም እንኳ የመብራት ሽቦ ላይ የማይደርስበት ቦታ አቁሙት።