አንድ ባንዲራ፣ ሦስት በር፦ ጓንዡ፣ ሼንዠንና ሆንግ ኮንግ ከመሄዳችን በፊት

ሞያሌን ለሚያውቅ ነጋዴ ድንበር ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ከወዲህም ከወዲያም ያለው ሰው ዘመድ ነው፣ ቋንቋውም አንድ ነው፤ ገንዘቡ፣ ማኅተሙና ጉምሩኩ ግን ይለያያል። በደቡብ ቻይና የሚጠብቀንም ይኸው ነው። ልዩነቱ እዚያ ባንዲራውም አንድ መሆኑ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘናጋውም በዚህ ነው።

ጓንዡ፣ ሼንዠን፣ ሆንግ ኮንግና ማካው በካርታ ላይ ሲታዩ የአንድ ከተማ ሰፈሮች ይመስላሉ። ፈጣኑ ባቡር ከሆንግ ኮንግ ተነስቶ ሼንዠን ፉትየን ለመድረስ 14 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል፤ ጓንዡ ደቡብ ጣቢያም አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ነገር ግን ሆንግ ኮንግ እ.ኤ.አ. በ1997 ከእንግሊዝ፣ ማካው በ1999 ከፖርቱጋል ወደ ቻይና ሲመለሱ የየራሳቸውን ኢሚግሬሽን፣ ጉምሩክና ገንዘብ እንደያዙ ቀሩ። ስለዚህ ከጓንዡ ተነስቶ ሆንግ ኮንግ የገባ ሰው ከቻይና እንደወጣ ይቆጠራል። ለመመለስ ቪዛው ላይ ሌላ መግቢያ ሊኖረው ይገባል።

አብራን የተጓዘች አንዲት ነጋዴ ቪዛዋ የአንድ ጊዜ መግቢያ ነበር። ጓንዡ ውስጥ ለልጆች ልብስ 30 በመቶ ቀብድ ከፈለችና፣ ልብሱ ተሰፍቶ እስኪያልቅ ሆንግ ኮንግን ሁለት ቀን አይቼ ልምጣ ብላ ወጣች። መመለስ አልቻለችም። የቀረነው ሴቶች መጋዘን ሄደን ካርቶን እየከፈትን፣ ስፌቱን በስልክ ቪዲዮ እያሳየናት ቆጠርንላት። ከካርቶኖቹ ብዙዎቹ የታዘዘው ቁጥር አልነበራቸውም፤ ባለንብረቷ ፊት ለፊት ስላልቆመች ግን ክርክራችን አቅም አጣ። ያ ገንዘብ የእሷ ብቻ አልነበረም። ዕቁብ ወጥቶላት የተነሳችበት ነው፤ ገና የምትጥለው 14 ሳምንት ቀርቷት ነበር።

ከዚያ ወዲህ በመካከላችን አንድ ደንብ አለ፦ ገንዘብ ከመቁጠራችን በፊት መግቢያ እንቆጥራለን።

ለንግድ የሚሰጠው የቻይና ቪዛ ኤም የሚባለው ነው፤ ከአቅራቢ ወይም ከንግድ ትርዒት የግብዣ ደብዳቤ ይጠይቃል። ቪዛው ሲወጣ ሦስት ነገር እናነባለን፦ ስንት ጊዜ እንደሚያስገባ፣ እስከ መቼ መግባት እንደሚቻል፣ ከገባን በኋላ ስንት ቀን መቆየት እንደሚፈቀድ። ሁለተኛውና ሦስተኛው የተለያዩ ናቸው፤ ቪዛው ገና ሳያልፍበት የመቆያው ቀን ሊያልቅ ይችላል። ቀኑን ያሳለፈ ሰው ለእያንዳንዱ ቀን 500 ዩዋን፣ በጠቅላላው እስከ 10,000 ዩዋን ሊቀጣ ወይም ሊታሰር ይችላል። ለሆንግ ኮንግና ለማካው ደግሞ የየራሳቸውን የመግቢያ ደንብ ለየብቻ እንጠይቃለን፤ የቻይና ቪዛ እዚያ አያስገባም።

ቪዛችን የአንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ መንገዱን እንደ ቀጥታ መስመር እንጂ እንደ ቀለበት አናቅደውም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ጓንዡም ወደ ሆንግ ኮንግም ስለሚበር፣ በአንዱ ገብቶ በሌላው የሚወጣ ቲኬት መጠየቅ ይቻላል። የጓንዡንና የሼንዠንን ሥራ ጨርሰን፣ ዕቃውን ቆጥረን ለካርጎ ካስረከብን በኋላ በሆንግ ኮንግ በኩል መውጣት ነው። ሆንግ ኮንግ የምትገኘውን የምዕራብ ካውሉን ባቡር ጣቢያም ልብ በሉ። የሁለቱም ወገን ፍተሻ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ስለሚካሄድ፣ ባቡሩ ሳይንቀሳቀስ የቻይናን መስኮት ካለፋችሁ መግቢያችሁ ተቆጥሯል። በእግር የሚታለፈው የሎሁ ኬላ ደግሞ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 12:30 እስከ እኩለ ሌሊት ብቻ ነው የሚሠራው።

ስለ ሰዓት ካነሳን፣ እዚያ ቲኬት ላይ 15:00 ተብሎ የተጻፈው በእኛ አነጋገር ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ከተሞቹ በሙሉ ከአገር ቤት 5 ሰዓት ይቀድማሉ። ቀኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ደብተር ላይ ጽፈን፣ ከጎኑ የእኛን እናስቀምጣለን። የባቡር ቲኬት የሚቆረጠው በፓስፖርት ስለሆነ ስማችን እስከ አያት ድረስ ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት። ልጅ ይዛ የምትሄድ እናት የልደት ምስክር ወረቀት ትያዝ፤ የእናትና የልጅ ስም በእኛ አሰያየም ስለማይገጥም ጥያቄ ይመጣል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ከፓስፖርቱ ጋር ይቀመጥ፤ ከእኛ አካባቢ ለሚነሳ መንገደኛ ቻይና ትጠይቃለች።

ገንዘቡም ሦስት ዓይነት ነው፦ ዩዋን፣ የሆንግ ኮንግ ዶላርና የማካው ፓታካ። የሆንግ ኮንግ ዶላር ከአሜሪካ ዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ አንድ የአሜሪካ ዶላር 7.8 ገደማ ይመነዘራል። ወደ ቻይና ስንገባ በጥሬው ከ5,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ ከያዝን እናስመዘግባለን፤ ዩዋን በጥሬው ከ20,000 በላይ ይዞ ማለፍ አይፈቀድም። ወደ ሆንግ ኮንግ ስንገባ ማስመዝገብ የሚጠበቅብን ከ120,000 የሆንግ ኮንግ ዶላር በላይ ስንይዝ ነው። ያስመዘገብንበት ወረቀት እስክንወጣ ድረስ አይጣልም፤ ከአገር ስንነሳ የባንኩ ሰነድም እንደዚሁ።

ጓንዡና ሼንዠን ውስጥ ሻይ ሻጭ እንኳ የሚቀበለው በስልክ ነው። አሊፔይና ዊቻት የውጭ አገር ካርድ ስለሚቀበሉ፣ ከቤት ሳንወጣ ጭነን በፓስፖርት እናረጋግጣለን። ዋትስአፕ፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ጉግል በቻይና ኢንተርኔት አይሠሩም፤ ሆንግ ኮንግ ስንሻገር ይሠራሉ። ስለዚህ ለእናትም ለባልም ለካርጎ ወኪልም ዊቻት ከወዲሁ ይጫንላቸው። አለዚያ ሦስት ቀን ድምፃችን ሲጠፋ ቤት ለቅሶ ሊቀመጥ ነው። የሆቴሉን አድራሻ በቻይንኛ ጽሑፍ ፎቶ አንስተን እንይዛለን፤ ለታክሲ ሾፌር ከመቶ ቃል ይበልጣል። ጓንዡና ሼንዠን ያሉት ጽሑፉን የሚጽፉት አቅልለው ሲሆን፣ ሆንግ ኮንግና ማካው በድሮው መልክ ይጽፋሉ፤ ምልክቱ ቢለይባችሁ አትደንግጡ። ለስልክ ቻርጅም ሆንግ ኮንግ እንደ ናይሮቢ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ሶኬት ነው፤ የአዲስ አበባው ባለ ሁለት ክብ ጥርስ አይገባም።

ሆቴል ያረፈ ሰው ፖሊስ ዘንድ የሚያስመዘግበው ሆቴሉ ነው። ዘመድ ወይም ጓደኛ ቤት ያረፈ ግን በ24 ሰዓት ውስጥ ራሱ ሄዶ መመዝገብ አለበት። «ለሁለት ሌሊት ነው» ማለት አያድንም።

ከሁሉ የከበደው የሻንጣ ነገር ነው። ጫት ለእኛ የእለት ሸቀጥ ቢሆንም፣ በቻይና ከ2014 ጀምሮ እ.ኤ.አ. ከተከለከሉት አደንዛዥ ዕፆች ጋር ተመዝግቧል። ደረቁም ዱቄቱም ያው ነው። የሰው ዕቃም አንቀበልም፦ ሻምፑ ቢሆን፣ ቅመም ቢሆን፣ የታሸገ ስጦታ ቢሆን፣ የሰጠችን የእህታችን ጓደኛ ብትሆን። የቻይና ሕግ 50 ግራምና ከዚያ በላይ ሄሮይን ይዞ ለተገኘ አዘዋዋሪ ከ15 ዓመት እስር አንስቶ እስከ ሞት ቅጣት ያስቀምጣል። ሻንጣው ውስጥ የተገኘው «የእኔ አይደለም» ማለትን ለማስረዳት በማናውቀው ቋንቋ ፍርድ ቤት መቆም ነው። ይሉኝታ ይዞን የምንቀበለው ጥቅል ካለ፣ ይሉኝታውን ኤርፖርት ሳንደርስ እንጣለው።

ጊዜውም ይታሰብ። የካንቶን ፌር ጓንዡ ውስጥ በዓመት ሁለቴ፣ በፈረንጆች ሚያዝያ አጋማሽና ጥቅምት አጋማሽ ይጀምራል፤ ሦስት ዙር ስላለው የእኛ ሸቀጥ በየትኛው ዙር እንደሚቀርብ አይተን ነው ቲኬት የምንቆርጠው። በዚያ ሰሞን የሆቴል ዋጋ ይንራል። በቻይና አዲስ ዓመት፣ በጥርና በየካቲት መካከል፣ ፋብሪካው ለሳምንታት ይዘጋል፤ ያኔ የሄደ ነጋዴ የተቆለፈ በር ነው የሚያገኘው።

እንግዲህ ከመነሳታችን በፊት በነበረው ማታ አንድ ወረቀት ላይ እንጽፋለን፦ በየትኛው በር እንደምንገባ፣ በየትኛው እንደምንወጣ፣ ስንት መግቢያ እንዳለን፣ የመጨረሻው ቀናችን መቼ እንደሆነ። አንዱን ቅጂ ቦርሳችን ውስጥ፣ ሌላውን ቤት እንተወዋለን። አብረን የምንሄድ ከሆነ ወረቀታችንን እንለዋወጥና አንዷ የሌላዋን ቪዛ ታንብብ፤ ራሳችን ያለፈንን ጓደኛችን ታየዋለች። ዕቁቡን የሚጠብቁ እጆች ብዙ ናቸው።

መልካም መንገድ፤ በሰላም ግቡ።