የእኔስ ተራ?

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ብዙዎቻችን የመንግሥት ሠራተኞች በየቤታችን ሆነን እንድንሠራ ታዘዝን። ከዚያ ወዲህ በክፍላችን ከፊሉን ቀን በቤት፣ ከፊሉን በቢሮ መሥራት ስለ ተለመደ፣ ለዚሁ የሚስማማ የቢሮ ንድፍ እንዳዘጋጅ አለቃዬ አዘዙኝ። እኔም 12ቱን ጠረጴዛዎች 6 አድርጌ፣ ለየሠራተኛው የሚቆለፍ ሣጥን መድቤ፣ በተራ እንድንቀመጥ ባደርግ ሥራዬ እጅግ ደስ አሰኘኝ።

አንድ ቀን አንዲት ባልቴት ባለጉዳይ መጡ። ጉዳያቸውን የያዘው ባልደረባዬ በቤቱ የሚሠራበት ዕለት ነበርና ፋይሉ በሣጥኑ ተቆልፎበታል። በመተላለፊያው እንደ ቆሙ፣ «ልጄ፣ እናንተ ተራችሁን ለይታችኋል፤ የእኔስ ተራ መቼ ነው?» ቢሉኝ መልስ አጣሁ።

ንድፌን እንደ ገና ጀመርሁ፤ በተረፈው ስፍራ ለባለጉዳይ አግዳሚ ወንበር፣ ለፋይሉም ተረኛ ሁሉ የሚከፍተው የጋራ ቁም ሣጥን አኖርሁ። ቢሮ ከተቀማጩ አስቀድሞ ለመጪው መታሰብ እንዳለበት ያስተማሩኝ እኒያ እናት ናቸው።