ከመርከቡ በፊት ተራራው

አላስካን በክሩዝ ለማየት የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚወስነው አንድ ነገር አለ፤ የብሱን መቼ ነው የሚያየው? የመርከቡ ሰባት ቀን የተቆረጠ ነው። ገንዘቡ ሲከፈል መኝታው፣ ምግቡ፣ የሚቆምባቸው ወደቦችና የሚነሣበት ሰዓት አብረው ይመጣሉ። ከዚያ በላይ የሚጨመሩት ሦስት አራት ቀናት ግን የተጓዡ የራሱ ናቸው። እዚህ ሲያትል ተቀምጬ ለእናቴና ለአክስቴ የነሐሴ መጨረሻውን ጉዞ ሳሰናዳ ልቤ ያረፈው በእነዚያ ቀናት ላይ ነው፤ ሐሳቤም የጸና ነው። የብሱ ይቅደም፣ መርከቡ ይከተል።

ብዙ ሰው ተቃራኒውን ይመርጣል። መጀመሪያ መርከቡ ላይ አርፎ፣ ጉልበት ሲተርፈው ወደ መሀል አገር መግባት። ችግሩ ጉልበት አይተርፍም። ከሳምንት የመርከብ ኑሮ በኋላ ሰው ሻንጣው ከብዶት፣ ሐሳቡ ቤቱ ገብቶ ነው የሚወርደው። ዴናሊ የሚባለው ተራራ ደግሞ እንዲያ ሆነው የሚሄዱበት ቦታ አይደለም። ተራራው አብዛኛውን በጋ በደመና ይሸፈናል። ሊያዩት ከሚሄዱት መካከል ጫፉ የሚገለጥላቸው ከሦስት አንዱ ገደማ እንደሆኑ ይነገራል። ዛሬ ካልታየ ነገን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል፣ ነገን ለመጠበቅ ደግሞ ሰውነት ትኩስ፣ ቀኑም ሰፊ መሆን አለበት።

አክስቴ ይህን አልተቀበለችኝም። «ልጄ፣ መርከቡ ላይ አልጋው ተነጥፎ፣ ምግቡ ቀርቦ እየጠበቀን፣ አውቶቡስ ለአውቶቡስ ምን ያንገላታናል?» አለችኝ። ጥያቄዋ የብዙዎች ጥያቄ ስለሆነ መልሱን በደንብ ማሰብ ነበረብኝ።

መጀመሪያ ግን የመንገዱን ነገር እንጨርስ። እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ የውጭ አገር መርከብ ከአንድ የአሜሪካ ወደብ መንገደኛ ጭኖ በሌላ የአሜሪካ ወደብ እንዳያራግፍ ይከለክላል። ትልልቆቹ የክሩዝ መርከቦች ከሞላ ጎደል ሁሉም የውጭ ባንዲራ የያዙ ናቸው። ስለዚህ ከሲያትል የሚነሣው መርከብ በመሀል ካናዳ ነክቶ ተመልሶ ሲያትል ይገባል። ወደ አላስካ ሄዶ እዚያው የሚያራግፈው፣ ወይም ከዚያ ጭኖ ወደ ደቡብ የሚወርደው ደግሞ የሚነሣው ወይም የሚያበቃው ካናዳ፣ ቫንኩቨር ነው። መሀል አገሩን ማየት ለሚፈልግ የሚመቸው ይኸኛው ነው፤ በአውሮፕላን አንከሬጅ መግባት፣ የብሱን አይቶ ሱዋርድ ወይም ዊቲየር ላይ መሳፈር፣ ቫንኩቨር መውረድ። የእኛ ሰው እዚህ ላይ ወረቀቱን ቀድሞ ይመልከት። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ወደ ካናዳ ሲገባ ከካርዱ ጋር ጊዜው ያላለፈ የአገሩን ፓስፖርት መያዝ አለበት። ፓስፖርት ማሳደስ ስንት ወር እንደሚፈጅ ለምናውቅ ለእኛ ይህ ከመርከቡ ትኬት የሚቀድም ጉዳይ ነው። የእናቴን ፓስፖርት ያየሁት ገና የመርከቡን ስም ሳላውቅ ነው።

ከአንከሬጅ ተራራው እስካለበት እስከ ዴናሊ ፓርክ 380 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመኪና ከግማሽ ቀን በታች ይፈጃል፣ ባቡሩ ግን ስምንት ሰዓት ያህል ይወስዳል። እኔ ባቡሩን መረጥኩ። ጉልበቷን የሚያማት እናት መኪና ውስጥ ታጥፋ ከምትሄድ እየተነሣች፣ እየተንጎራደደች፣ በመስኮቱ የሱሲትናን ወንዝ እያየች ብትሄድ ይሻላታል። አንድ ቦታ ሦስት ሌሊት ማደርንም መርጫለሁ። በአራት ቀን ፌርባንክስንም፣ ታልኪትናንም፣ ሆመርንም ልንካ የሚል ሰው ያየው አስፋልትና የሆቴል ቁልፍ ነው።

ዴናሊ 6,190 ሜትር ነው፣ ከራስ ዳሸን በአንድ ሺህ ስድስት መቶ ሜትር ይበልጣል። ለደጋ ሰው የሚደንቀው ግን የጫፉ ከፍታ አይደለም። የሚደንቀው ከሥር ነው። የፓርኩ መግቢያ ከባሕር ጠለል 500 ሜትር ብዙም አይርቅም። አዲስ አበባ ያደገ ሰው እዚያ ሲቆም ከሰፈሩ በሁለት ሺህ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ነው የሚቆመው። መንገዱ ትንሽ ሽቅብ ሲል፣ 800 ሜትር አካባቢ፣ ዛፉ ያልቃል። ይህ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ የሚያንስ ከፍታ ነው፤ እኛ አገር ግራርና ቆላ ሙቀት ያለበት። እዚያ ከዚያ በላይ ያለው ከመሬት የማይነሣ ቁጥቋጦ፣ የድንጋይ ሽበትና አጭር ሣር ነው። በሰሜን ተራሮች አስታ የሚባለው ዛፍ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ጢሙን አንዠርግጎ ቆሞ ያየ ሰው፣ ብርድ ከፍታን እንዴት አድርጎ ወደ ታች ጎትቶ እንዳወረደው በዓይኑ ያያል። ዝቅ ብለህ ቆመህ እንደ ደጋ ይበርድሃል፣ ፊትህ ደግሞ አምስት ሺህ ሜትር ከፍታ ያለው በረዶ ያለምንም ደረጃ ቀጥ ብሎ ይነሣል።

ፓርኩ ውስጥ ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ 148 ኪሎ ሜትር። የግል መኪና የሚፈቀድለት ለመጀመሪያው 24 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ ወዲያ አውቶቡስ ነው። ይህን ሕግ እወደዋለሁ። መኪናው ስለተከለከለ እንስሳው ከመንገድ አልሸሸም፣ ሰውም ከሰው ጋር ሆኖ ያያል። ሥርዓቱ ቀላል ነው፤ አንድ ሰው እንስሳ ካየ ጮክ ብሎ «ቁም!» ይላል፣ ሾፌሩም ይቆማል። ከዚያ ዝም ይባላል። ከዚህ በፊት የሄድኩ ጊዜ አንዲት ሴት ከኋላ ወንበር ጮኸችና ቆምን። ከመንገዱ ሥር አንድ ቡናማ ድብ ብሉቤሪ ይበላ ነበር። ያን የሚያህል እንስሳ፣ ያን የሚያህል መዳፍ ይዞ፣ ጥፍሩን ጭራሽ አልተጠቀመበትም። ጭንቅላቱን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ ቅርንጫፏን በከንፈሩ እየሳበ ፍሬውን ይለቅማል፣ ጥቂት ይራመዳል፣ እንደገና ይለቅማል። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። በዚህ መሀል አገር እንደ ባሕሩ ዳር ሳልሞን እንደልብ የለም፤ ክረምቱን ሙሉ የሚያስተኛውን ስብ የሚያከማቸው በፍሬና በሥራሥር ነው። በአውቶቡሱ ውስጥ የነበረ ሕፃን እንኳ ድምፅ አላሰማም። በእግር ለሚሄድ ሰው ደንቡ ከድብ 275 ሜትር ያህል ራቅ የሚል ነው።

እቅድ የሚያወጣ ሰው ማወቅ ያለበት ሌላም ነገር አለ። መንገዱ 73ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ተቆርጧል። እዚያ ተራራው ውስጥ በረዶ የተቀላቀለበት ድንጋይ አለ፣ አየሩ ሲሞቅ ያ በረዶ ይለሰልስና ቁልቁል ይንሸራተታል። ከ2014 በፊት በዓመት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው። እያደር በወር፣ በሳምንት፣ በቀን የሚለካ ሆነ። በ2021 በሰዓት አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ደረሰ፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ መንገዱ ተዘጋ። ቀን ከሌት ጠጠር እያፈሰሱ ሊሞሉት ቢሞክሩም መሬቱ ቀደማቸው። በዚያ ላይ ድልድይ የመሥራት ሥራ ተጀመረ። ድልድዩ እስኪከፈት ድረስ አውቶቡሱ 69ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ዞሮ ይመለሳል፤ ደርሶ መልሱ አምስት ሰዓት ገደማ ነው። ተራራውን በቅርብ የሚያሳዩት አይልሰንና ዎንደር ሌክ ከዚያ ወዲያ ናቸው። ስለዚህ ትኬት ከመቁረጥ በፊት መንገዱ እስከ የት እንደተከፈተ መጠየቅ ነው። ባይከፈትም ግን አልቀርም። ሰው የሚጓዝበት መንገድ ከሥሩ እየቀለጠ መሆኑን መርከብ ላይ ሆኖ የበረዶ ግግር ከማየት በፊት ማየት ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ።

ፓርኩ የተቋቋመው በ1917 ነው፤ ዳል የሚባለውን ነጭ የዱር በግ ከአዳኝ ለመታደግ ቻርልስ ሼልደን የሚባል ራሱ አዳኝ የነበረ ሰው ባደረገው ውትወታ። የእኛም የሰሜን ተራሮች ፓርክ በ1969 ሲከለል ዋነኛው ምክንያት ዋልያ ነበር። በ1980 ዴናሊ ሲሰፋ ግን በተጨመረው መሬት ላይ የአካባቢው ነዋሪ ለኑሮው ማደኑንና ማጥመዱን እንዲቀጥል ሕጉ ፈቀደ። በሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት የግጭ ሰዎች በ2016 ቀዬአቸውን ለቀው ደባርቅ መስፈራቸውን ሳስብ ይህ አንቀጽ ልቤን ይነካዋል።

አሁን ለአክስቴ ወደሰጠሁት መልስ ልምጣ። መልሱ ዋልተር ሃርፐር ነው።

ዋልተር አባቱ ወርቅ ፈላጊ አይርላንዳዊ፣ እናቱ የኮዩኮን አታባስካን ተወላጅ ናት። ያሳደገችው እናቱ ናት፣ በዩኮን ወንዝ ዳር፣ በቋንቋዋና በሞያዋ። በአሥራ ስድስት ዓመቱ የሚስዮን ትምህርት ቤት ገባና ሃድሰን ስታክ ለሚባለው ቄስ ረዳት ሆነ፤ ጀልባውን የሚነዳ፣ ውሾቹን የሚመራ፣ የሚያስተረጉም። በ1913 ቄሱ፣ ሃሪ ካርስተንስ፣ ሮበርት ታተምና ዋልተር ዴናሊን ለመውጣት ተነሡ። ከዓመት በፊት የመሬት መንቀጥቀጥ መወጣጫውን ሸንተረር ሰባብሮት ስለነበር ዋልተርና ካርስተንስ ለሳምንታት በመጥረቢያ በረዶ እየጠረቡ ደረጃ ሠሩ። ከታች ካምፑን የሚጠብቅ ጆኒ ፍሬድ የሚባል ልጅ ቀርቶ ነበር፤ ገና ጎረምሳ። ከአንድ ወር በላይ ብቻውን ከውሾቹ ጋር ጠበቀ። ሰዎቹ ሲመለሱ ለእሱ የተተወለትን ስኳርና ወተት ሳይነካ አስቀምጦ፣ እነሱ ደክመው ይመጣሉ ብሎ ጠበቃቸው። ሰኔ 7 ቀን 1913 ጫፉን መጀመሪያ የረገጠው የሃያ ዓመቱ ዋልተር ነበር። የዚያ አገር ልጅ።

ከአምስት ዓመት በኋላ ፍራንሲስ ዌልስ የምትባል ነርስ አገባ። ፊላዴልፊያ ሄዶ ሕክምና ተምሮ ለወገኖቹ ሐኪም ሆኖ ሊመለስ ነበር። ጥቅምት 1918 ሙሽሮቹ ስካግዌይ ላይ ፕሪንሰስ ሶፊያ የምትባል መርከብ ተሳፈሩ። መርከቧ በበረዶ ውሽንፍር ሊን ካናል ውስጥ ቫንደርቢልት የሚባል የባሕር ውስጥ ዓለት ላይ ወጣች። አርባ ሰዓት ያህል ዓለቱ ላይ ተቀምጣ ቆየች፤ የሚያድኑ ጀልባዎች ደርሰው ዙሪያዋን ነበሩ፣ ግን ማዕበሉ ሰው አላስወርድ አለ። ጥቅምት 25 ምሽት ሰጠመች። ከ340 የሚበልጡ ሰዎች ነበሩባት፣ ከሰው የተረፈ የለም።

ከስካግዌይ ወደ ጁኖ የሚወርድ የክሩዝ መርከብ ሁሉ ዛሬም በሊን ካናል ነው የሚያልፈው። ተሳፋሪው ያን ሰዓት እራት ላይ ነው፣ ወይ ተኝቷል። ተራራውን አስቀድሞ ያየ፣ በረዶውን አሻቅቦ ተመልክቶ ደረጃ የጠረበውን ልጅ ያሰበ ሰው ግን ያ ውሃ ለእሱ ዝም ብሎ ውሃ አይሆንም። «ለዚህ ነው እትዬ» አልኳት። ጥቂት ዝም አለችና «እናቱ ያኔ በሕይወት ነበረች?» ብላ ጠየቀችኝ።

የቀረው የሰዓት ጉዳይ ነው። የጉዞውን ጊዜ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ያደረግኩት ለምግቡ ብቻ አይደለም። በዚያ ሳምንት ታንድራው መቅላት ይጀምራል፤ አገራችን አደይ ልታብብ ስትል እዚያ የብሉቤሪው ቅጠል ደም ይመስላል፣ ድቡም ፍሬው ላይ ነው። በሰኔ የሄደ ሰው ከምሽቱ አምስት ሰዓት ፀሐይ ያያል፤ እናቴ ግን ካልጨለመ አትተኛም። አውቶቡሱ በመስከረም አጋማሽ ስለሚያቆም ከዚያ ማለፍ አይቻልም። ለመርከቡ ደግሞ ከፓርኩ በዋዜማው መውረድ ግድ ነው። ወደ ዊቲየር የሚያስገባው ዋሻ አራት ኪሎ ሜትር ነው፤ አንድ መስመር ብቻ ያለው፣ ባቡርና መኪና ተራ እየጠበቁ የሚጋሩት። ወደ ከተማዋ የሚገባው ተራ በሰዓት አንዴ ነው የሚከፈተው፣ ያ ካመለጠ ቀጣዩን መጠበቅ ነው። በመርከቡ ቀን ጠዋት ከዴናሊ ተነሥቼ እደርሳለሁ ማለት የሁሉንም ልብ በከንቱ ማንጠልጠል ስለሆነ አንከሬጅ እናድራለን።

ጁኖ ላይ መርከቡ ሙሉ ቀን ይቆማል። ዓሣ ነባሪ ለማየት የሚወስደውን ጀልባ ልይዝላቸው ነበር። አክስቴ ግን ከሰዓት በፊት ያለውን ጊዜ ለሌላ ጉዳይ አስለወጠችኝ። ዋልተርና ፍራንሲስ ጎን ለጎን የተቀበሩት ጁኖ፣ ኤቨርግሪን መካነ መቃብር ውስጥ ነው፤ ከወደቡም ሩቅ አይደለም። ታክሲ እንይዛለን፣ ጀልባው ለከሰዓት በኋላ ተዛውሯል።