ማረሻና የመሬት ገጽ

ስለ ጋፋት ሲነሣ ሁላችን የምናወሳው በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የተጎተተውን፣ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ነው። እኔ ግን በደብረ ታቦር አካባቢ ስመላለስ የማስበው ስለ ቀጥቃጩ ነው። ያገራችን ባለሙያ በጥንቱ ዘዴ ብረት ያዘለውን ቀይ አፈር ከመሬት ገጽ በዶማ ቆፍሮ፣ በከሰልና በወናፍ አንጥሮ ማረሻ ያወጣ ነበር። ገበሬው ግን በዚያ ማረሻ አርሶ እየበላ ሠሪውን «ቡዳ» ይለው ነበር።

ዛሬ በቡልዶዘር ምድርን ገፎ ማዕድን ማውጣት ቀላል ሆኗል። ሆኖም አስቀድሞ የሚገፈፈው ለሙ አፈር ነው። አንባቢ ሆይ፣ ሙያተኛውን እናክብር፤ ለሙንም አፈር ለይተን አኑረን፣ ጉድጓዱን ሞልተን መልሰን እናልብሰው። ይህ ካልሆነ ልጆቻችን ማረሻ ቢኖራቸውም የሚያርሱት አያገኙም።