በመናገሻ ደን ያደርንባት ሌሊት

ለመንገድ የሚወጣ ሰው ስንቁን ይቈጥራል፤ ጫማውንና ልብሱንም ይመለከታል። ነገር ግን ከሁሉ አስቀድሞ ሊመለከተው የሚገባው የባልንጀራውን እርምጃ መሆኑን እኛ በአርባ አምስት ዓመታችን ገና ባለፈው ጥቅምት ተማርን። ትምህርቱም በቀላል ዋጋ የተገኘ አይደለምና ለአንባብያን ብናካፍለው መልካም መስሎ ታየን።

ሥራችን በፍርድ ቤት መዝገብ መጻፍ ነውና ዓመቱን ሙሉ በወንበር ላይ ተቀምጠን እንውላለን። ስለዚህ ከሦስት ወዳጆቻችን ጋር ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በሚገኘው በመናገሻ ሱባ ደን አንዲት ሌሊት በድንኳን ልናድር ተማከርን። ከወዳጆቻችንም አንዱ መምህር፥ አንዱ ነጋዴ ናቸው፤ ሦስተኛው ግን ቀድሞ በመዝገብ ቤት አለቃችን የነበሩ፥ ዛሬ በጡረታ ያሉ፥ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው።

ይህ ደን በወጨጫ ተራራ ላይ የተዘረጋ ነው። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት እየተባለ ይተረካል። ከታች ጥድና ዝግባ ወይራም ይበዛሉ፤ ወደ ላይ ሲወጡ ኮሶ ይገኛል፤ ከዚያም ወዲያ ተራራው ወደ 3,385 ሜትር ከፍታው ሲቃረብ ዛፉ እያጠረ ሄዶ አስታ ይሆናል። ጉሬዛም ነጭ ካባውን ደርቦ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘል ባየን ጊዜ እንደ ልጆች ደስ አለን።

የደኑ ጠባቂ በመግቢያው ላይ «ጌቶቼ፥ አትለያዩ» ሲል አስጠንቅቆን ነበር። እኛ ግን ቃሉን እንደ ተራ ሰላምታ ሰምተን አለፍን።

ከቀትር በኋላ፥ ክረምቱ ወጥቷል ስንል፥ ያልታሰበ ዝናብ ወረደብን። ድንኳኑን ሳይመሽ እንትከል በማለት ሦስታችን ወደ ፊት ገሠገሥን። ሽማግሌው ወዳጃችን ወደ ኋላ ሲቀሩ አይተናል፤ ነገር ግን «ይደርሳሉ» አልን። ከጥፋታችንም የባሰው፥ የያዝናቸው ሁለቱ የእጅ ባትሪዎች በእኛ ከረጢት ውስጥ ነበሩ።

ድንኳኑ ተተከለ፤ አሥራ ሁለት ሰዓትም አለፈ፤ በአገራችን ምሽት ሲመጣ አይዘገይምና ወዲያው ጨለመ። እርሳቸው አልመጡም። መብራትና ደረቅ ጋቢ ይዘን እየተጣራን ተመለስን፤ የሚመልስልን ግን ገደሉ ብቻ ሆነ። ለሚስታቸው ምን ብለን እንደምንነግር እናስብ ጀመር፤ የስንቱን ሰው ሐዘን በመዝገብ የጻፈች እጃችን በዚያች ሰዓት ተንቀጠቀጠች።

ከብዙ ፍለጋ በኋላ ከመንገዱ ጥቂት ፈቀቅ ብለው ከአንድ ዝግባ ሥር ተቀምጠው አገኘናቸው። ልብሳቸው በስብሶ ሰውነታቸው ይንቀጠቀጣል፤ አንደበታቸውም እየተሳሰረ «ጥቂት ልረፍ ብዬ ነው፤ እናንተ ሂዱ» አሉን። ነጋዴው ወዳጃችን ከኪሳቸው አረቄ አውጥተው ሊያጠጧቸው ሲሉ ከለከልናቸው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን የጤና አስተማሪያችን፥ አረቄ የሚያሞቅ ይመስላል እንጂ ደሙን ወደ ቆዳ ስለሚያወጣው የውስጡን ሙቀት ለብርድ አሳልፎ ይሰጣል ሲሉ የነገሩን ትዝ ብሎን ነበርና። እርጥቡን ልብስ አውልቀን በጋቢው ጠቀለልናቸው፤ ራሳቸውንም ሸፈንን፤ ቀስ ብለንም ደግፈን ወደ ድንኳኑ ወሰድናቸው። በሁለት ሰው መካከል አስተኝተን፥ መዋጥ መቻላቸውን ካየን በኋላ፥ ስኳር የበዛበት ትኩስ ሻይ በጥቂት በጥቂቱ አጠጣናቸው።

ወደ እኩለ ሌሊት ንግግራቸው ተቃና። «ጋሼ፥ ምነው አልጠሩንም?» ብንላቸው «ልጆቼ፥ እናንተን ሳዝ የኖርሁ ሰው ቀስ በሉልኝ ማለት አፈርሁ» አሉን። እርሳቸው መጣራት አፍረው ኖሯል፤ እኛ ግን ዞር ብሎ ማየትን እንኳ አላሰብነውም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። በቆሎ ተማሪነታችን ዘመን ደበሎ ለብሰን አኩፋዳ አንግተን ለቁራሽ ስንወጣ፥ ውሻ እንዳይነክሰው ከሁሉ ታናሹን በመካከላችን አድርገን በእርሱ እርምጃ እንሄድ ነበር። በዐሥር ዓመታችን ያወቅነውን በአርባ አምስት ዓመታችን ረስተነው ተገኘን።

በማግሥቱ እርሳቸውን አስቀድመን በእርምጃቸው ልክ ወረድን። ትናንት በጥድፊያ ያለፍነውን ሁሉ ዛሬ አየነው፤ አንድ ዲኩላም ከፊታችን መንገዱን ተሻግሮ ቆሞ ተመለከተን። እንግዲህ ወደ ደን የምትወጡ ወዳጆቻችን ሆይ፥ መብራቱንና ደረቁን ልብስ ለየሰዉ አካፍሉ፤ ከሁሉ የሚዘገየውም ፊት ይሂድ።

እናታችንን ወደ ቤተ ክርስቲያን ስናደርስ ሁልጊዜ ቀድመን ሄደን በደጀ ሰላም ቆመን እንጠብቃቸው ነበር፤ በመጠበቃችንም ራሳችንን እንደ ደግ ልጅ እንቈጥር ነበር። በተከተለው እሑድ ግን ከጎናቸው ሆነን ሄድን። መንገዱ ከቀድሞው እጥፍ ጊዜ ፈጀብን፤ እርሳቸውም አባታችን ከሞቱ ወዲህ ነግረውን የማያውቁትን ብዙ ነገር ነገሩን።