ብቻሽን ነሽ?

ዛሬ ጣሊያን ውስጥ፣ ከፔሬታ በታች ያለው ዳገት ላይ አንዲት አሮጊት አስቆሙኝ። አንድ ባልዲ በለስ ለቅመው ወደ ቤታቸው እየገቡ ነበር፤ የቁልቋሉን በለስ ሳይሆን የዛፉን። እኔን አዩ፣ ሳይክሌን አዩ፣ የሚከተለኝ ሰው ይኖር እንደሆነ ቁልቁል መንገዱን ተመለከቱና «ሶላ?» አሉኝ። ብቻሽን ነሽ? ማለታቸው ነው።

ብቻዬን ነኝ አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ግን ያቺ ቃል ከጭንቅላቴ አልወጣ ብላለች። አሁን ስካንሳኖ ገብቼ፣ አቧራዬን ታጥቤ፣ እግሬን ግድግዳው ላይ ሰቅዬ የምጽፍላችሁ በሷ ምክንያት ነው።

  

መጀመሪያ መንገዱን ልንገራችሁ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከአልቤሬዜ በታች ባሕሩ ዳር ሄጄ የፊት ጎማዬን ውሃ አስነክቼ ተነሣሁ። ከባሕሩ እስከ ኮረብታዎቹ ግርጌ ያለው የማሬማ ሜዳ እንደ ምጣድ ለጥ ያለ ነው። በገመድ የተለኩ የሚመስሉ የውሃ ቦዮች፣ በቦዮቹ ዳር ጠጠር መንገድ፣ ግራና ቀኝ የታጨደ ማሳ። ግራጫዎቹ የአገሩ ከብቶች ቀንዳቸው የራያን ሰንጋ ያስታውሰኛል። ዛሬ አንዱ አጥሩ ጥግ ድረስ መጥቶ ሲያየኝ ቆሜ ሰላም አልኩት።

ያ ሜዳ ግን ድሮ ረግረግ ነበር። የሚገዛው ወባ ነበር። ሙቀቱ ሲበረታ የግሮሴቶ ከተማ መሥሪያ ቤቶች ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደዚህ ወደ ስካንሳኖ ይወጡ ነበር፤ ከባሕር ወለል 500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ነው ያለችው። ይህ የየዓመቱ ስደት በሕግ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። ማድረቁን በትልቁ የጀመረው የቶስካና መስፍን ዳግማዊ ሊዮፖልዶ ሲሆን ሥራው ከሱ ዘመን አልፎ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ዘልቋል። በ1846 የቆመለት ሐውልት ግሮሴቶ አደባባይ ላይ አለ፤ እግር ሥር የሚረገጥ እባብ ይታያል። እባቡ ወባ ነው።

እኔ የጣና ዳር ልጅ ነኝ። መስከረም ጠብቶ ውሃው እዚህም እዚያም መቋጠር ሲጀምር እናቴ አጎበሩን እያገላበጠች ቀዳዳ ስትፈልግ ነው ያደግሁት። ስለዚህ ያ ሐውልት ፊት የቆምኩ ዕለት የገባኝ ነገር አለ። ወባን ሸሽቶ ደጋ መውጣት ለኛ ተረት አይደለም። ዛሬም ከሜዳው ወደ ሞንቲያኖ፣ ከዚያ ወደ ማሊያኖ እየወጣሁ አየሩ ሲለወጥ፣ ከግሮሴቶ የሸሹት ዳኞችና ጸሐፊዎች ልጆቻቸውን ይዘው ይህን ነፋስ ሲያገኙ ምን ያህል ደስ ይላቸው እንደነበር አስብ ነበር።

ከማሊያኖ በላይ አስፋልቱን ትቼ ነጩን መንገድ ያዝኩ። እማዬ ስልክ ላይ ሁልጊዜ እንዲህ ትለኛለች፦ «አንቺ ልጅ፣ አውሮፓ ድረስ ሄደሽ ፒስታ ላይ ትነጃለሽ? አስፋልት አጥተው ነው?» እማዬ፣ አጥተው አይደለም። ፒስታ የሚለውን ቃል እኛ ከጣሊያንኛ ወስደን ለጠጠር መንገድ ሰጠነው፤ እንደ ጎማ፣ እንደ ፍሬን፣ እንደ ጎሚስታ። እነሱ ግን ይህን መንገድ ፒስታ አይሉትም። ስትራዳ ቢያንካ ነው የሚሉት፣ ነጭ መንገድ። አስፋልት እንዳይውጠውም የተሟገቱለት ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 ኪያንቲ ውስጥ ጋዮሌ በምትባል ከተማ ሰዎች አሮጌ ሳይክል እየነዱ ኤሮይካ የሚባለውን ጉዞ ሲጀምሩ ከዓላማቸው አንዱ እነዚህን መንገዶች ማዳን ነበር። ከዚያ የመጣው የባለሙያዎች ውድድር ከ2007 ጀምሮ በየዓመቱ ሲዬና ካምፖ አደባባይ ላይ ያልቃል። የሴቶቹ የተጀመረው በ2015 ነው። ስምንት ዓመት ዘግይቶ።

ስምንት ዓመት። እዚህ ላይ ነው ንዴቴ የሚመጣው።

ንዴቱ የልጅነት ነው። ያደግሁባት ባሕር ዳር የሳይክል ከተማ ነች፤ የሰፈሬ ልጆች ሁሉ የነዱት በኪራይ ነው። እኛ ሰፈር የሚያከራየው ሰውዬ ለወንዶቹ መያዣ ይቀበል ነበር፤ ደብተር፣ ጫማ፣ የተገኘውን። እኔ ብሬንም ደብተሬንም ይዤ ስሄድ «አንቺ ዋስ አምጪ» አለኝ። «ወንድ ዋስ።» ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴን ልጠራው አልችልም፣ ሥራ ላይ ነው። ቤት ሄጄ ታናሽ ወንድሜን ይዤው መጣሁ። አንደኛ ክፍል ነበር። ጥርሶቹ የወለቁ፣ ካልሲው የወረደ ልጅ። ሰውዬው አየውና «ይሁን» አለ! እኔ ክፍሌን አንደኛ የወጣሁት ልጅ አልታመንም፤ ጫማውን ማሰር የማይችለው ወንድሜ ታመነልኝ። ድንጋይ ላይ አስቀመጠው፣ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ።

አንድ ዙር ነበር የከፈልኩት። አስፋልቱ እስከሚያልቅበት ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ ወደ ጢስ ዓባይ የሚወስደው ፒስታ ነበር። እግሬ መመለስ እምቢ አለኝ፣ ገባሁበት። ጠጠሩ ከጎማው ሥር እየተፈናጠረ፣ መሪው እጄን እያንቀጠቀጠው፣ ወገቤ እስኪነቃነቅ ድረስ ነዳሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት ቀን ትንሽ ነው። ስመለስ ሊመሽ ነበር። ሰውዬው ወንድሜን «እህትህ ሳይክሌን ይዛ ጠፍታለች፣ አንተ ከእኔ ጋር ታድራለህ» ብሎት ነበር። ወንድሜ አላለቀሰም። «ትመጣለች» ብቻ ይል እንደነበር የነገሩኝ ጎረቤቶች ናቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ሰውዬው ለእኔ በማንም ዋስትና አላከራይም አለ።

ስለ ሳይክል ተወዳዳሪዋ አልፎንሲና ስትራዳ የሰማሁት እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው። በ1924 የጣሊያን ዙር ላይ ስትመዘገብ የስሟ የመጨረሻ ፊደል ቀርቶ «አልፎንሲን» ተብሎ ተጻፈ፤ ያየው ሁሉ ወንድ መሰለው። 3,613 ኪሎ ሜትር ነው፣ አብዛኛው አቧራና ጭቃ። 90 ሰው ተነሥቶ የደረጃ ዝርዝር ውስጥ ገብተው የጨረሱት 30 ናቸው። ወደ ፔሩጃ በሚወስደው ቀን መሪዋ ተሰብሮ በመጥረጊያ እንጨት ጠግና ነዳች ይባላል፤ ሰዓት አልፎባት ስለደረሰች ከደረጃ አወጧት። እሷ ግን ሚላኖ እስክትደርስ አላቆመችም። ስትራዳ ማለት መንገድ ነው፤ የባሏ የቤተሰብ ስም ነው። መጀመሪያ ታሪኳን ያነበብኩ ማታ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለሷ ብቻ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ።

ወደ ዳገቱ ልመለስ። እዚህ የምትመጡ ካላችሁ ሁለት ነገር ያዙልኝ። ጎማችሁ ሰፊ ይሁን፣ የእኔ 45 ሚሊ ሜትር ነው፤ ንፋሱን ትንሽ ቀንሱት፣ ያኔ ጠጠሩን ይዞ ይወጣል፣ አለዚያ የኋላው ባዶ ይሽከረከራል። ሁለተኛው የበግ ጠባቂ ውሾች ናቸው፤ ነጫጭ፣ ግዙፍ። በጎቹን ከተኩላ ነው የሚጠብቁት፣ እናንተንም ተኩላ ያስመስላችኋል ሩጫችሁ። ወዲያው ውረዱ፣ ሳይክሉን በእናንተና በውሻው መካከል አድርጉ፣ ቀስ እያላችሁ በእግራችሁ ሂዱ። ዛሬ ሦስቱ አጅበውኝ ከመንጋቸው አሻገሩኝ፤ ልቤ ለረጅም ጊዜ አልተመለሰም።

አሮጊቷን ያገኘኋቸው ከዚያ በኋላ ነው። የወይን ለቀማው ወቅት ስለሆነ ትራክተሮቹ ወይን ጭነው እያለፉ አቧራውን ያለብሱናል። ዳገቱ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አልን፤ በለሱን እየላጡ ሰጡኝ። ሴት ልጃቸው ሩቅ ከተማ ነው የምትኖረው፣ እንደኔ ታግላ ነው ብቻዋን የሄደችው። ብዙ ተቀመጥን።

ስልኬ ነዘረ። ወንድሜ ነው፣ ከባሕር ዳር። በሄድኩበት ሁሉ ያለሁበትን ቦታ በስልኩ ላይ ያየኛል፤ ሰማያዊዋ ነጥብ ከቆመች ይጨነቃል። «40 ደቂቃ አንድ ቦታ ነሽ። ምን ሆንሽ?» ይላል።

አሮጊቷ ማነው አሉኝ። ዋሴ ነው ልላቸው ፈልጌ ቃሉ በጣሊያንኛ አልመጣልኝም። ወንድሜ ነው አልኳቸው። ሁለት በለስ ጨመሩልኝ፣ ይህ የሱ ድርሻ ነው ብለው።

የሱንም በላሁት።